በብሎኑ ራስ ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ

«ይቺን ዕቃ ማነው የሸጠልሽ?» አሉ ጠጋኙ፣ ካቻቪቴያቸውን ከእጃቸው ሳያሳርፉ።

ጢንዚዛ ጥያቄው ገረማት። ዕቃው ለምን እንደማይሠራ ይነግሩኛል ብላ መጣች እንጂ ከማን እንደገዛችው ይጠይቁኛል ብላ አላሰበችም። የዲጄ ኮንትሮለሩ፣ ሁለት ዘፈን የሚቀላቀልበት ዕቃ፣ ሆዳቸው በተዘረገፈ ሬዲዮዎች መሃል፣ ጠባቧ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ተገልብጦ ተኝቷል።

«የጓደኛዬ ወንድም ነው» አለች። «ምነው ጋሼ? የማይሆን ነገር አገኙበት እንዴ?»

ጠጋኙ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉና አንዷን ብሎን በጣታቸው አሳዩዋት። ራሷ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ አለች።

«አየሻት? የጥፍር ቀለም ናት። የባለቤቴ። እኔ የከፈትኩትን ዕቃ ስዘጋ አንዲት ጠብታ ጣል አደርግበታለሁ። ኋላ ሌላ ሰው ነካክቶት ‹አንተ ነህ ያበላሸኸው› ብሎ ቢመጣብኝ፣ ቀለሙ ተሰንጥቆ ያጋልጠዋል።» መሳቢያውን ሳብ አድርገው ትንሿን ጠርሙስ አወጡ። «እና ይሄ ዕቃ አንድ ጊዜ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቷል ማለት ነው።»

ጢንዚዛ ነጥቧን ታውቃታለች። ዕቃውን የገዛች ቀን አይታት «ይቺ ምንድን ናት?» ብላ ጠይቃ ነበር። «የፋብሪካ ምልክት ናት፤ ኦሪጅናል መሆኑን ነው የምታሳየው» ያለቻት ጓደኛዋ ፕሮፍ ናት። ፕሮፍ ካለች አለች ነው። አውቶቡስ ለምን እንደዘገየ፣ የትኛው አስተማሪ ከየትኛው ምዕራፍ ፈተና እንደሚያወጣ የምታውቅ ልጅ ናት፤ ቅጽል ስሟንም ያገኘችው በዚሁ ነው። ጢንዚዛ ያን ቀን ቤቷ ስትገባ ቀይዋን ነጥብ ለእናቷ በኩራት አሳይታለች።

«አራት ወር ይሆነዋል» አሉ ጠጋኙ፣ ብሎኖቹን ፈትተው ክዳኑን እያነሱ። «ለስላሳ ተደፍቶበት መጣ። ይኸውልሽ፣ ስኳሩ ደርቆ ቦርዱን በልቶታል። በስተቀኝ ያለውን ዘፈን ወደ ሄድፎን የሚወስደው መስመር ሞቷል። መለዋወጫ የለውም አልኳቸው።»

«አልኳቸው?»

«ለወንድምየውና ለእህቱ። ያቺ ካንቺ ጋር የማያት፣ ምላሷ የማያርፈው ልጅ። ‹ጋሼ፣ ይሄኛው ሽቦስ? ያኛውስ?› እያለች ስታደርቀኝ ነው የዋለችው።»

ጢንዚዛ ክው አለች። የሱቁ ሬዲዮ ስለ ነገ የአየር ሁኔታ ያወራል፣ እሷ ግን አንድም ቃል አልሰማችም።

ጠጋኙ ፊቷን አይተው ነገሩ ገባቸው። «ያመኑት ፈረስ…» ብለው ጀመሩና ቀሪውን ዋጡት። ዕቃውን ዘግተው አዲስ ጠብታ ጣሉበት። ሒሳብ ስትጠይቃቸው እጃቸውን ብቻ አወዛወዙ።

* * *

ጢንዚዛ ያለቻት እናቷ ናት። ሳህን ስታጥብም፣ የቤት ሥራ ስትሠራም፣ በአፍንጫዋ ምት እያሰማች እዝዝዝ ስለምትል ነው። ይሄ እዝዝታ አንድ ቀን ቁም ነገር ይሆናል ያለችው ደግሞ ፕሮፍ ናት። ዓመት ሙሉ ዲጄነት የተለማመዱት በቴሌቪዥን ካርቶን ላይ ነበር። በድስት ክዳን ለክተው ሁለት ክብ ሳሉበት፣ የጠርሙስ ቆርኪ ለጥፈው መዘውር አደረጉት፣ የሄድፎኑን ቀዳዳ እንኳ በእርሳስ ወጉለት። ጢንዚዛ ግራውን፣ ፕሮፍ ቀኙን ይዘው በአፋቸው ያዘፍናሉ። ጎረቤት አልፎ ሲሄድ ከት ብሎ ይስቃል፣ እነሱ ግን ግድ አልነበራቸውም።

ገንዘቡ የመጣው ከጢንዚዛ ጣቶች ነው። በየእሑዱ የሰፈሩን ሴቶች ልጆች ፀጉር ትሠራለች። ዓመት ሙሉ ሠርታም አልሞላ ሲላት፣ ልብስ ሰፊዋ እናቷ ለአዲስ ካውያ ያስቀመጠችውን አውጥታ ሰጠቻት። አሮጌው ካውያ ገመዱ በፕላስተር የተጠቀለለ፣ ሲያሻው ነዘር የሚያደርግ ነው። «እኔ ለምጄዋለሁ» አለች እናቷ። «ብቻ አዋቂ ሰው ይዘሽ ሂጂ።»

አዋቂዋ እንግዲህ ፕሮፍ ነበረች። ደብተር ላይ ሦስት ምርጫ ጻፉ። አንደኛው ሱቅ መስኮት ውስጥ ያለው አዲስ፣ ዋጋው ለማየት ብቻ የሚሆን። ሁለተኛው አዲስ ግን እፍኝ የምታህል፣ ሄድፎን የማይሰካባት። ሦስተኛው የፕሮፍ ወንድም አሮጌ ኮንትሮለር።

«ትንሿን እንዳትገዢ!» ብላ ነበር ፕሮፍ። «ሰው አንዱን ዘፈን ሲጨፍር አንቺ የሚቀጥለውን ቀድመሽ በጆሮሽ ካልሰማሽ፣ እሱ ዲጄነት ሳይሆን ዕጣ ማውጣት ነው።»

ሊገዙ የሄዱ ቀን ወንድምየው ስፒከሩን እስከ ጥግ ከፍቶ ቤቱን አናወጠው። ጢንዚዛ ሄድፎኑን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ ፕሮፍ ቀደመቻት። «አምጪ፣ እኔ ልስማልሽ። አንቺ ዛሬ ደስታው ጆሮሽን ደፍኖታል።» ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች፣ ራሷን በምቱ ነቀነቀች። «አንደኛ ነው!»

ቤት ሲመጣ የቀኙ ዘፈን በሄድፎኑ ውስጥ ዝም አለ። ጢንዚዛ ደጋግማ ሞከረች፣ ዝም። ለፕሮፍ ነገረቻት። «ጀማሪ ስለሆንሽ ነው» አለቻት። «ጆሮሽ ገና አልተከፈተም።» ጢንዚዛም አመነች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት በፊት እየተነሳች ያንን ዝምታ አዳመጠች። አንድ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብታ አለቀሰችና ደብተሯ ላይ «እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም» ብላ ጻፈች።

* * *

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት፣ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ፣ ቧንቧው አጠገብ አገኘቻት።

«ጠጋኙ ጋ ወሰድኩት።»

ፕሮፍ በውሃ የራሰ አፏን ጠረገች። «እሺ? ምን አለሽ?»

«ቀይ ነጥቡ የጥፍር ቀለም ነው አሉኝ።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እኔ አላውቅም ነበ…»

«ከወንድምሽ ጋር አብረሽ ሄደሽ ነበር። እያንዳንዱን ሽቦ እየጠየቅሽ አድርቀሻቸዋል። አቦ አታድርቂኝ ደግሞ እኔን።»

ፕሮፍ ቧንቧውን ዘጋችው። ተዘግቶም ማጥበቋን አልተወችም። «እኔ ነኝ የደፋሁበት» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ለስላሳውን። ወንድሜ ‹አንቺ አበላሸሽው፣ ገዢም አንቺ ታመጪያለሽ› አለኝ። ለአባዬ እነግራለሁ አለ። ማንን ላምጣ?»

«እኔን አመጣሽ።»

«በስፒከር እኮ ይሠራል! ግራው ይሠራል…»

«እሱን ተይው። መሸጡንስ እሺ፣ ፈርተሽ ነው ልበል» አለች ጢንዚዛ። «‹ጆሮሽ አልተከፈተም› ያልሽኝ ለምንድን ነው? ሁለት ሳምንት ራሴን ደደብ ስል እያየሽኝ! ቤታችን መጥተሽ ምሳ በልተሽ፣ እናቴን እማዬ ብለሽ ጠርተሽ!»

ሁሉን የምታውቀው ልጅ ጫማዋን ታያለች።

«አስተካክለዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ስሚኝ፣ አንዲት ልጅ አለች፣ የታናሾቹ ክፍል። ገና ጀማሪ ናት፣ ዕቃ እየፈለገች ነው። ቅዳሜ ከአባቷ ጋር ቤታችሁ ይዣት እመጣለሁ። ሙሉ ገንዘብሽን ታገኛለሽ፣ የእማዬም ካውያ ይገዛል። አንቺ ምንም አትናገሪ፣ ወሬው የኔ ነው።»

ጢንዚዛ በፕላስተር የተጠቀለለው ገመድ ትዝ አላት። ደወል ተደወለ። ምንም ሳትል ወደ ክፍሏ ሄደች። ፕሮፍ ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠረችው፣ እውነቱን ለመናገር እሺታም ነበር።

* * *

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእናቷ የልብስ ስፌት መኪና ከመጋረጃው ወዲያ ይንጫጫል። ጢንዚዛ ለእናቷ የነገረቻት «ዕቃውን ልቀይረው ነው» ብላ ብቻ ነው። እናቷም «እናንተ ታውቃላችሁ» ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ልጅቱ ዐሥራ ሦስት ቢሆናት ነው። ጥያቄዎቿን የጻፈችበት ወረቀት አራት ቦታ ታጥፎ መዳፏ ውስጥ አለ፣ ላብ በልቶታል። አባቷ ሹፌር ናቸው፣ የመኪና ቁልፋቸውን እንደያዙ ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ።

«እኔ ስለዚህ ነገር ምንም አላውቅም» አሉ ፈገግ ብለው። «ልጆቼ፣ እናንተን ነው የማምነው።»

ጢንዚዛ ዓይኗን ከሳቸው አሸሸች።

ፕሮፍ ወሬውን ተያያዘችው። ስለ መዘውሩ፣ ስለ መብራቱ፣ አዲሱ ሱቅ ውስጥ ስንት እንደሚያወጣ። ልጅቱ አፏን ከፍታ ትሰማለች። ከዚያ ኮንትሮለሩን ቀስ ብላ ገልብጣ ሥሩን አየችው።

«ይቺ ቀይ ነጥብ ምንድን ናት?»

«የፋብሪካ ምልክት ናት» አለች ፕሮፍ። «ኦሪጅናል መሆኑን ነው የምታሳየው።»

ትንፋሽ እንኳ አልወሰደችም። ጢንዚዛ ፊቷን አየችው፣ ያን ቀን ያየችው ያው ፊት ነው። ሰሞኑን ሌሊት ሌሊት እያሰበች፣ መቼም ስትዋሸኝ ጨንቋት ነበር፣ ልቧ ፈርቶ ነበር እያለች ራሷን ስታጽናና ሰንብታለች። አሁን ግን ነገሩ ለፕሮፍ ምን ያህል ቀላል እንደነበረ በዓይኗ አየች። ቢሆንም ዝም አለች፤ ከመጋረጃው ወዲያ እናቷ ካውያውን ስትሰካ ሰምታለች።

ፕሮፍ ስፒከሩን ከፍ አደረገችው። ግራው ሠራ፣ ቀኙም በስፒከር ሠራ። ቤቱ በዘፈን ተሞላ፣ አባትየው በጣታቸው ጉልበታቸውን መቱ። ልጅቱ ወረቀቷን ገልጣ አነበበች።

«ሄድፎኑንም መሞከር አለብኝ።»

ሄድፎኑ ፕሮፍ እጅ ላይ ነበር። «አንቺ አሁን ደስ ብሎሻል፣ አይሰማሽም» አለች እየሳቀች። «እኔ ልስማልሽ።»

ጢንዚዛ እጇን ሰድዳ ሄድፎኑን ያዘችው። ፕሮፍ ወዲያው አልለቀቀችም። ገመዱ በሁለቱ መሃል ተወጠረ፣ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ ለቀቀችው።

ጢንዚዛ ስፒከሩን አጠፋች። የልጅቱን ፀጉር ከጆሮዋ ገለል አድርጋ ሄድፎኑን አጠለቀችላት፣ በቀኙ በኩል ዘፈን ከፈተችና የሄድፎኑን ቁልፍ ተጫነች። መብራቱ ይዞራል።

«ምን ይሰማሻል?»

ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች። ሄድፎኑን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። ግንባሯ ተኮማተረ።

«ምንም» አለች። ወዲያው ደግሞ ፊቷ በሐፍረት ቀላ። «ይቅርታ። ጀማሪ ስለሆንኩ ይሆናል።»

«አይደለም» አለች ጢንዚዛ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ግን አልደበቀችውም። «ጆሮሽ ደህና ነው። የተበላሸው ዕቃው ነው። ነጥቧም የፋብሪካ አይደለችም፣ የጠጋኝ ናት።»

አባትየው ቁልፋቸውን ይዘው ተነሱ። አልተቆጡም፤ ጢንዚዛን አዩዋትና «እግዜር ይስጥሽ» አሉ። ልጅቱ ስትወጣ ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ትጽፍ ነበር።

ፕሮፍ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። «ራስሽን ነው የጎዳሽው» አለች። «ማን ይገዛልሻል አሁን? ወሬው ነገ ትምህርት ቤቱን ያዳርሰዋል።»

«ያዳርሰው።»

«እኔስ?»

ጢንዚዛ ልትመልስላት ፈለገች። ዓመት ሙሉ የካርቶኑን ቀኝ ይዛ አብራት የዘፈነች ልጅ ናት። ግን የሄድፎኑን ገመድ መጠቅለል ጀመረች። ፕሮፍ ትንሽ ጠበቀችና ሄደች፣ በሩንም አልዘጋችውም።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆሟል። መቼ እንደቆመ ጢንዚዛ አላስተዋለችም። በሩን ሄዳ ዘጋችው፣ ኮንትሮለሩን በሁለት እጇ አቅፋ መጋረጃውን በትከሻዋ ገለጠችው። እናቷ ካውያውን እንደያዘች ቆማለች፣ ጠረጴዛው ላይ የሰው ሸሚዝ በግማሹ ተተኩሶ ተዘርግቷል።

«እማዬ» አለች ጢንዚዛ፣ «ካውያውን ንቀዪውና አረፍ በዪ። የምነግርሽ ነገር አለ።»