የማይነሣው ልብስ ሰፊ

«አትጩኺ፤ ጎረቤት ይሰማል» አለ አባቷ ከስፌት መኪናው ሥር እንደተዘረጋ። ደንበኛ ሊሸኝ ብድግ ብሎ፣ ሴትየዋ ወጥታ በሩን እንደዘጋች ነው የወደቀው። ልጅቷ ከግንባሩ የሚወርደውን ደም በቁራጭ ጨርቅ ጠረገች።

የአባቷ ሐኪም ባለፈው ሳምንት ነግራቸዋለች። ሰው ሲነሣ ደም ወደ እግሩ ይወርዳል፤ አንገት ላይ ያለው የደም ሥር ግፊቱ መቀነሱን ለአንጎል ይናገራል፤ አንጎልም ኬሚካል መልእክተኞቹን ልኮ የደም ሥሮቹን ጠበብ ያደርጋቸዋል። ጤነኛ ሰው ይህ ሁሉ መሆኑን እንኳ አያውቅም። «የአባትሽ መልእክተኞች ግን እየተመናመኑ ነው» አለቻት።

«ይድናል?»

«መድኃኒት እንሞክራለን። ሲነሣ ቀስ ይበል፤ ከቻለ ደግሞ ባይነሣ።»

ይድናል አላለችም። ልጅቷ የሆስፒታሉ መጸዳጃ ቤት ገብታ እስኪወጣላት አለቀሰች።

አባቷ ግን በወደቀ ዕለት ለማንም እንዳትናገር አስማላት። «ለሚወድቅ ሰፊ ማን ጨርቁን ይሰጣል?» አለ። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብሎ ሰው መቀበል ጀመረ። ለሕፃን ሳይቀር ይነሣ የነበረ ሰው ነውና ሰፈሩ ወዲያው አማው።

«ፋዘርሽ ግን ጠገበ እንዴ?» አለቻት ጓደኛዋ ትምህርት ቤት በዕረፍት ሰዓት። «ለአያቴ እንኳ አልተነሣም አሉ።»

«ሙድ አትያዢብኝ» ብላት ሄደች። ሌላ ምን ትበል? ምላለች።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ መርፌ ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡ። ለአባቷ መርፌ አያያዝ ያስተማሩት፣ አባት ሲሞትበት አባት የሆኑለት ሽማግሌ ናቸው። አባቷ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠ። ሊነሣ ነው። ቀስ ብሎ ቢነሣ ምን ነበረበት? ለእሳቸው ግን ቀስ ብሎ መነሣት ያሳፍረዋል፤ ቢሞት አያደርገውም።

ልጅቷ ሮጣ ሁለት እጇን ትከሻው ላይ ጫነች።

«ጋሼ፣ አባዬ ታሟል። ሲነሣ ደሙ ወደ ላይ አይደርስለትም፤ ይወድቃል። ጠግቦ አይደለም።»

«ምነው ልጄ?» አለ አባቷ በቀስታ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ጋሽ መርፌ በርጩማ ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። «እኔ ደግሞ ልወቅስህ ነበር የመጣሁት» አሉ።

አባቷ እሷን አላያትም፤ መርፌው ሥር ጨርቅ ሳይኖር መኪናውን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ከእጇ በታች ትከሻው ሲርገፈገፍ ይሰማታል። እሷም አለቀሰች፣ ይቅርታ ግን አላለችውም።

በሩ ተከፈተና ሌላ ደንበኛ ገባች። አባቷ ሊነሣ ሲል ልጅቷ እጇን ይበልጥ ጫን አደረገች።

«እንደምን አደሩ እትዬ» አለች። «አባዬ የማይነሣው ስለታመመ ነው።»