ከገጹ የተከረከመው አውራ ጣት

አርታኢው አድነው፣ ጉለሌ ከቁስቋም በታች ባለው ቢሮ ምድር ቤት ውስጥ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የወረቀት መጫኛ ብረት አጠገቡ ወድቋል። ኢንስፔክተር አስቻለች ስትደርስ ቀድመው የመጡት ፖሊሶች ተርጓሚዋን ሙኒያን በካቴና አስረዋታል፤ ማስረጃቸው ጠዋት ከሟቹ ጋር ስትጮህ መሰማቷ ብቻ ነበር። የአስቻለች ደም ፈላ።

«ፍቷት። የጮኸ ሁሉ ገዳይ ከሆነማ እኔንም እሰሩኝ» አለችና ወደ ሙኒያ ዞረች። «በምን ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም፤ ሁለታችንም ተናደን ነው። አንድ አውሮፓዊ ተጓዥ ድሮ የጻፈውን መጽሐፍ ለኢንተርኔት እያዘጋጀን ነበር። ሰውዬው አንዲት ሕፃን ገዝቶ እንዴት እንደገረፋት በኩራት ጽፏል። ሥራውን የሚደጉሙት ዘመዶቹ ያ ገጽ ይሰረዝ አሉ፤ ኃላፊያችን ቃል ገባላቸው። አድነው ግን እኔ በሕይወት እያለሁ አይሰረዝም አለ።»

አስቻለች የሙኒያን እጅ አየች። ሂናው ከቆዳዋ ለቆ ጥፍሯ ጫፍ ላይ ብቻ ቀርቷል።

«መቼ የተቀባሽው ነው?»

«ለእህቴ ኒካህ፣ ለሠርጓ። ቆየ እኮ፤ ወራት አልፎታል።»

ጽሑፉን የሚተይበው ፊሊሞን፣ ግድያው የተፈጸመበትን ከሰዓት በሙሉ፣ ዊንጌት ሰፈር ኮምፒውተር ሲያሠራ መዋሉን ጠጋኙ መሰከረለት። ኃላፊው ቤዛብሕ ደግሞ ፎቅ ላይ ነበርኩ አለ።

«ሙኒያ ያነሳቻቸው የመጽሐፉ ገጾች ፎቶዎች ደብዝዘው ነበር። ብቻዬን በድጋሚ ሳነሳ ዋልኩ። ይኸው» ብሎ ንጹሕ ገጾች አሳያት።

«ሳይከረከሙ፣ ከካሜራው እንደወጡ ልያቸው።»

«ምን ልዩነት አለው?»

እዚያ ቤት ልዩነቱን የማያውቅ እሱ ብቻ ነበር። አለቃ ነኝ ብሎ ያለቀለትን ሥራ ሲቀበል እንጂ ሲሠራ አይቶ አያውቅም።

አስቻለች ሁሉንም ኮምፒውተሩ ፊት ሰበሰበች። ባልተከረከሙት ፎቶዎች ጠርዝ ላይ ገጹን የያዘ አውራ ጣት ይታያል፤ ጥፍሩ ከሥር እስከ ጫፍ በሂና ቀልቷል።

«ገጹ እንዳይገለበጥ በጣት ይያዛል፤ ጣቱ በኋላ ተከርክሞ ይወጣል። ይህ የእርስዎ ጣት ነው፣ አቶ ቤዛብሕ?»

ዝም አለ።

«የእኔ ነው» አለች ሙኒያ።

«ዛሬ አንስታቸው ቢሆንስ?» አለ ፊሊሞን።

አስቻለች የሙኒያን እጅ አነሳች። «ዛሬማ ጥፍሯ አድጎ ሂናው ጫፉ ላይ ቀርቷል። እዚህ ግን ገና ሙሉ ነው፤ ፎቶዎቹ የድሮዎቹ ናቸው። ቀናቸውን ቀይረህ የራስህ አደረግሃቸው፣ ቤዛብሕ። ፎቅ አልነበርክም። አድነውና ሙኒያ የሚፈልጉት አንድ ነበር፤ ገጹ እንዲጠፋ ቃል የገባኸው አንተ ብቻ ነህ።»

«ለሞተች ባሪያ ብሎ የሁላችንንም እንጀራ ሊዘጋ ነበር» አለ ቤዛብሕ።

ሙኒያ በጥፊ አጮለችው። ማንም አልከለከላትም።

«ስም አላት። የገዛት ሰውዬ እንኳን በስሟ ጽፏታል» አለችው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጣ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ገጹን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው።