የተቀቀለው ጉበት

ጉበቱ መቀቀሉን ከሚጢጢ በቀር የሚያውቅ የለም። በላስቲክ ጠቅልላ፣ ከመጽሐፎቿ ሥር ደብቃ፣ ተማሪ ሳይገባ ቤተ ሙከራው ውስጥ ጥልቅ አለች። አብሯት የሚማረው የአክስቷ ልጅ ለዛሬው ሙከራ ያመጣው ጥሬ ጉበት ጠረጴዛው ላይ በክዳን ዕቃ ተቀምጧል። የቀራት መቀየር ብቻ ነው። ወጥ ቤት ገብቶ የማያውቅ ቅምጥል፣ ጥሬውን ከብስሉ የት ይለየዋል!

ባለፈው ሳምንት ይኸው ልጅ ቤታቸው መጥቶ፣ ልብስ ሰፊው አባቷ የስፌት መኪናውን ፔዳል ሲረግጥ እግሩ ስለማይሰማው በዓይኑ እየፈለገው መሆኑን አየ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ እየተወላገደ ተራመደና አባቷን አስመሰለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሚጢጢ ጥርሷን ነክሳ፣ «ቆይ ብቻ! የእጁን ባልሰጠው እኔ አይደለሁም!» አለች በልቧ።

ዛሬ ስለ ኢንዛይም የሚያስረዳው እሱ ነው። ጥሬ ጉበት ላይ የቁስል ማጠቢያው ፐርኦክሳይድ ሲፈስ፣ ጉበቱ ውስጥ ያለው ኢንዛይም አረፋ ያስነሳል። ከተቀቀለ ግን ኢንዛይሙ ስለሚበላሽ ጭጭ! ያን ጊዜ ደግሞ ክፍሉ በማን እንደሚስቅ ያያል።

ጠዋት ስትቀቅል ግን ድስቱ ከእጇ ዘንበል አለና የፈላው ውሃ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። አባቷ በባዶ እግሩ ገብቶ ላዩ ላይ ቆመ።

«አባዬ! እግርህ! ውሃው!»

«የቱ ውሃ?» ጎንበስ ብሎ ሲያይ እግሩ ቀልቷል። «አይዞሽ የኔ እናት፣ አላመመኝም እኮ።»

አላመመኝም ማለቱ ነው የባሰው። የስኳር ሕመሙ የእግሩን ነርቭ እንደጎዳው፣ ነርቩ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞችም እንደተዳከሙ ሐኪሙ ነግሯቸዋል። በቀሏ ገና ከቤት ሳይወጣ የራሷን ሰው አቃጠለ።

አሁን እጇ ላስቲኩ ላይ እንዳለ በሩ ተከፈተ።

«አንቺ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለ የአክስቷ ልጅ።

ይቅር ልትለው አይደለም፤ ደሟ ገና እንደፈላ ነው። ላስቲኩን ፈትታ የተቀቀለውን ከጥሬው ጎን አስቀመጠች።

«ሁለቱንም አሳያቸው። አረፋ የሚያወጣው ጥሬው የጤነኛ ነርቭ ምሳሌ ነው በላቸው፣ ይሄ የተቀቀለው የአባቴ። ከዛ ማንን እንዳስመሰልክ ትነግራቸዋለህ።»

«አብደሻል? እኔ እኮ ስቀልድ ነው!»

«ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ። ዛሬ አባዬ እግሩ በፈላ ውሃ ተቃጥሎ አልተሰማውም። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ ይሄንን ለምን እንደቀቀልኩም እናገራለሁ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። የተማሪዎቹ ኮቴ ከኮሪደሩ ተሰማ። ሚጢጢ የፊተኛውን ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ዓይኗንም ከዓይኑ አልነቀለችም።