የናፍጣው አውጫጭኝ

«ፓርቲያችን የሰፊውን ሕዝብ ሀብት ጠብታ ሳያባክን...»

ፈዲላ ለበዓሉ የምትለማመደውን ንግግር ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ከኋላዋ ድምፅ መጣ።

«ታዲያ የቦኖው ናፍጣ የት ገባ?»

ጮክ ብሎ የተነገረ አልነበረም። ሜዳው ግን ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማው። መጀመሪያ አንድ ልጅ በአፍንጫው ሳቀ፤ ከዚያ ረድፉ በሙሉ ተከተለ። ያልሳቀችው ፈዲላ ብቻ ነበረች። የተናገረችውን በድምጿ ለይታታለች። ጓደኛዋ ለተብርሃን ናት።

ጓድ ሙሉጌታ ከመድረኩ ወረደ። የወረዳው ካድሬ ነው፤ ከሌላ አገር ተመድቦ ሐይቅ ከተማ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። በረድፎቹ መካከል ቀስ ብሎ እየተራመደ የእያንዳንዱን ልጅ አፍ አየ፤ ቃሉ ከንፈር ላይ እድፍ ትቶ የሄደ ይመስል።

«ማን ነው?» አለ።

ነሐሴ 1976 ነበር። ትምህርት ቤቱ ዝግ ቢሆንም ተማሪዎቹ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል በየቀኑ ለልምምድ ይጠራሉ። በዚያው በዓል ፓርቲው ይመሠረታል ተብሏል። ክረምቱ ከድቷል። ከወልድያ በኩል በእግሩ የሚመጣው የተራበ ሰው የከተማዋን የውሃ ቦኖ ከቦ ይውላል። በዚህ መሀል አምና የቆመው የበዓል ቅስት አንሷል ተብሎ ፈረሰና ከእሱ የሚረዝም ቆመ። የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ተቀባ፤ የተቀባው ግን ከመንገድ የሚታየው ጎኑ ብቻ ነው። ለቅስቱ አምፖል ከደሴ መጣ፤ አምፖሎቹን የሚያበራ ጄኔሬተርም መጣ። ጄኔሬተሩ የሚጠጣው ናፍጣ ግን አልመጣም።

ጓድ ሙሉጌታ ይህን ሁሉ እያሠራ በየስብሰባው ስለ ቁጠባ ያስተምራል። ያለፈው ሥርዓት አባካኝ ነበር፤ እኛ ግን የሕዝብን ሳንቲም እንደ ዓይን ብሌን እንጠብቃለን ይላል። አባካኝ ስለ ቁጠባ ሲሰብክ ያስቃል፤ የሚስቅ ሰው የሚታሰርበት አገር ካልሆነ በቀር።

ፈዲላ ናፍጣው የት እንደገባ ታውቃለች። አባቷ እንድሪስ የቦኖውን ፓምፕ የሚያንቀሳቅስ ሠራተኛ ነው። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ቁርስ ይዛለት ስትሄድ ሁለት ሰዎች የናፍጣውን በርሜል ከፓምፑ ቤት እያንከባለሉ ሲያወጡ ደረሰች። የጓድ ሙሉጌታ መኪና ላይ ጫኑት። እሱ ራሱ አጠገባቸው ቆሞ «ቀስ በሉ፣ እንዳይፈስ» ይላቸው ነበር። አባቷ በሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

መኪናው ሲሄድ «አላየሽም» አላት።

«አባዬ፣ አየሁ እኮ።»

«ፈዲላ፣ አላየሽም አልኩሽ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቦኖው ደርቋል። ሰው ከሐይቁ እየቀዳ ይጠጣል፤ ሕፃናት ሆዳቸውን ይዘው መንገድ ዳር ይተኛሉ። ፈዲላ ያየችውን ለአንድ ሰው ብቻ ተናገረች። ለለተብርሃን።

«እናንተ አገር አውጫጭኝ የሚባል ደንብ አለ አሉ» አለ ጓድ ሙሉጌታ። ፊቱ ላይ ፈገግታ መጣ። «ጥሩ። እንደ ደንባችሁ እናደርገዋለን። ነገ ጠዋት ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። ተናጋሪው ካልተገኘ ይህ ረድፍ በሙሉ ደሴ ይላካል።»

ደሴ የሚለውን ቃል ሲሰማ የሚስቅ አልነበረም። የለተብርሃን ታላቅ ወንድም በቀይ ሽብሩ ጊዜ ታስሮ ደሴ እንደተወሰደ ቀርቷል።

ወደ ቤት ሲመለሱ ለተብርሃን ድንጋይ በእግሯ እየመታች ትሄዳለች። «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ አመድ የመሰልሽው?» አለች። «ካድሬው ምንም አያውቅም፤ ዝም ብሎ እየቀደደ ነው።»

«አንች አትፈሪም? ለምን ተናገርሽ?»

«አላስችል አለኛ። ‹ጠብታ ሳያባክን› ስትዪ ጊዜ አመለጠኝ። ድምፅሽ ደግሞ ልክ እንደ ራዲዮ ነበር።» ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ፈዲ፣ እማዬ ይህን ብትሰማ ትሞትብኛለች።»

«አብሽሪ» አለች ፈዲላ። ለተብርሃን ከተያዘች የሚቀጥለው ጥያቄ «ማን ነገረሽ?» ነው። ከእሱ የሚቀጥለው ደግሞ የአባቷ ስም ነው።

በማግስቱ ሽማግሌው መጡ። የሰፈሩ ዕድር፣ የቅሬው፣ ዳኛ ሼህ ኑርዬ ናቸው። ሰው ሲሞት እስላሙንም ክርስቲያኑንም ለቀብር የሚያዝዙት እሳቸው ናቸው። ከብት በተሰረቀ ጊዜም አውጫጭኝ የሚያስቀምጡት እሳቸው ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው ይማልና አንድ በአንድ እየገባ ያየውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል። የነገራቸው ሰው ወፍ ይባላል። የወፍ ስም እስከ መቃብር አይወጣም።

ሼህ ኑርዬ ቁርአንና መስቀል ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ጓድ ሙሉጌታ ፊቱን አጨማደደ። «ይህ አያስፈልግም። በአብዮቱ ይማሉ።»

«ጓድ፣ ይችላሉ» አሉ ሼህ ኑርዬ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ግን አይዝም። ያልያዘ መሐላ ደግሞ አያናግርም።»

ካድሬው ወደ ልጆቹ አየና እጁን አወዛወዘ። «ይሁን። ቶሎ በል።»

ልጆቹ ተራ በተራ ማሉ። ፈዲላ እጇን ቁርአኑ ላይ አደረገች። ያየሁትን አልደብቅም፣ ያላየሁትን አልጨምርም አለች። በሐሰት የማለ ሰው ቤት ምን እንደሚገጥመው ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታለች፤ አባቷ ግን አላየሽም ብሏታል።

ሼህ ኑርዬ ተነሥተው ሲናገሩ ድምፃቸው የከብት ሌባ ጊዜ እንደሚናገሩት ነበር። «ንብረት የጠፋበት ይነሣና የጠፋውን ይናገር።»

የተነሣ የለም።

«የጠፋ ነገር የለም» አለ ጓድ ሙሉጌታ። «የተነገረ ነገር ነው። እሱን ተወውና ቀጥል።»

ሼህ ኑርዬ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ባዶው ክፍል ገቡ። ልጆቹ አንድ በአንድ ተከተሏቸው፤ የወጣው በግራ በኩል ይቆማል። ጓድ ሙሉጌታ በሩ ላይ ሆኖ የወጣውን ሁሉ ፊት ያነባል። የፈዲላ ተራ ተቃረበ። አላውቅም ማለት አለ፤ ልጆቹ ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ይሆናል። ግን ምኑን ነው የማላውቀው? የማልኩት ባየሁት ነው አለች በልቧ። ያየሁት ምንድን ነው?

ገባች። ሼህ ኑርዬ ጆሯቸውን አስጠጉ። የሳሙና ሽታ አላቸው።

«በርሜሉን አይቻለሁ» አለች በሹክሹክታ። «ከፓምፑ ቤት ወጥቶ መኪና ላይ ሲጫን። የማን መኪና እንደሆነም አይቻለሁ።» ስሙን ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ቀና አላሉም። «ልጄ፣ ይህን አልጠየቁኝም።»

«ያየሁት ግን ይህን ነው። በመሐላዬ ውስጥ ያለው ይህ ነው።»

«ሳቅ ያስነሣውስ?»

«ከኋላዬ ነበር። በዓይኔ ያየሁት የለም።»

ሼህ ኑርዬ ወደ በሩ አዩ። ከውጭ የጓድ ሙሉጌታ ጫማ ሲረግጥ ይሰማል። «የእንድሪስ ልጅ አይደለሽም? እሱ ይህን እንደምትናገሪ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ያረብ» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ በእጃቸው ወደ በሩ አመለከቷት። ምን እንደሚያደርጉ አልነገሯትም። እሳቸውም እንደሚፈሩ ከዓይናቸው አየች፤ ከሁሉም ነገር በላይ ያስፈራት ይህ ነበር።

ለተብርሃን ከእሷ ቀጥላ ገብታ ወጣች። የመጨረሻው ልጅ ሲወጣ ሼህ ኑርዬም ወጡ።

«ወፎቹ ምን አሉ?» አለ ጓድ ሙሉጌታ።

«አንዲት ወፍ ተናግራለች።»

ልጆቹ ተያዩ።

«ማንን አለች?»

«አንድ ወፍ አይበቃም፣ ጓድ። በደንባችን ሁለተኛ ካልመጣ ስም አይጠራም። ለዓርብ ቀጠሮ ይሰጥልኝ።»

ካድሬው ሊቆጣ አስቦ ነበር፤ ግን ተናጋሪው የተያዘለት መሰለውና ቀለል አለው። «እስከ ዓርብ። ከዚያ በኋላ ደንብ የሚባል አላውቅም።»

በመመለሻቸው ለተብርሃን የፈዲላን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። «ወፏ አንች ነሽ?»

«ስምሽን አልጠራሁም።»

«ታዲያ ምን አልሽ?»

«ለተብርሃን፣ ምያለሁ።»

ለተብርሃን ክንዷን ለቀቀች። አንድም ቃል ሳትጨምር ወደ ቤቷ መታጠፊያ ገባች። ዞር ብላ አላየችም።

ፈዲላ ብቻዋን ቆመች። ወደ ቤት ብትሄድ ዝም ብላ እስከ ዓርብ መክረም ትችላለች። የበርሜሉ ነገር ከወጣ ግን ዓርብ የሚመጣው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የአባቷን በር ነው፤ እሱም ምን እንደመጣበት ሳያውቅ ይከፍታል። ወደ ፓምፑ ቤት ታጠፈች። ከቦኖው አጠገብ አንዲት ሴት ባዶ እንስራ ተደግፋ ተኝታለች። ውስጥ አባቷ የማይሠራውን ሞተር በጨርቅ ይወለውላል።

«ምነው በጊዜ መጣሽ?» አለ ሳይዞር። «ልምምዱ አለቀ?»

«አላለቀም።» በሩን ገርበብ አደረገችና ከእሱ ፊት ለፊት ዝቅተኛው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «አባዬ፣ ጨርቁን አስቀምጠው። በርሜሉን አይቻለሁ ብዬ ለሼህ ኑርዬ ነገርኩ። ሁለተኛ ወፍ ካልመጣ ስም አይጠራም ብለዋል።»

እጁ ሞተሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ፈዲላ ዓይኗን ወደ መሬት አላወረደችም። እስኪናገር ጠበቀችው።