ሰባት ቁጥር መቆንጠጫ

ሰው ያለፈ ፍቅሩን ሲያወራ ይጣፍጠዋል። የእኔ አይጣፍጥም፤ እንዳለ ልናገረው።

ልብስ ማጠቢያ ቤት ካውያ እተኩስ ነበር። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የሸሚዝ አንገትጌ እንደኔ የሚተኩስ ግን አልነበረም፣ አሁንም የለም። አንድ ጠዋት ማዶ ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ ገባና ባንኮኒው ላይ ተደገፈ። ከቅጥነቱ የተነሳ መንደሩ «ሽቦ» ይለዋል።

«የልብስ መቆንጠጫ ትሸጪልኛለሽ? አሥራ ሁለት።»

«ይሄ ሱቅ ይመስልሃል?»

«አይመስለኝም። ግን መቆንጠጫ ያለው እዚህ ነው።»

«ምን ልታሰጣ ነው? ያለችህ አንድ ሸሚዝ፣ እሷም እኛ ጋ ናት።»

ተናዶ ይሄዳል ስል ሳቀ። ያኔ ነው የተበላሸሁት።

እሑድ እሑድ ከመጋዘኑ ጀርባ ያለው የመኪና ማቆሚያ ባዶ ነው። እሱና ጓደኞቹ እዚያ ትንንሽ መኪና በሪሞት ይነዳሉ። እያንዳንዷ መኪና የምትታዘዝበት የሬዲዮ ሞገድ ቁጥር አላት። አንድ ቁጥር ያላቸው ሁለት ሪሞቶች አብረው ከተከፈቱ መኪናዋ የማንን ትእዛዝ እንደምትሰማ ይጠፋትና ታብዳለች። ስለዚህ ቁጥር የተጻፈባቸው መቆንጠጫዎች ሰሌዳ ላይ ይሰቀላሉ። ሪሞት መክፈት የፈለገ የቁጥሩን መቆንጠጫ አንስቶ ኮሌታው ላይ ይሰካል። እሱ እስኪመልሰው ያንን ቁጥር ሌላ ሰው አይከፍትም።

«ትልቅ ሰው፣ በመጫወቻ!» አልኩት።

«መጥተሽ እዪና ስደቢኝ።»

ሄድኩ። የሄድኩት ልሰድበው ነበር።

ጫማውን አውልቆ ሁለቱን አራርቆ አስቀመጠና በመካከላቸው መኪናዋን እንዳዞር አዘዘኝ። «መጀመሪያ ሪሞቱን ክፈቺ፣ ከዚያ መኪናዋን። ስትዘጊ ግን መኪናዋን አስቀድሚ። ቀስ በይ፤ የሚያባርርሽ የለም።» ከእኔ ስትርቅ ደህና እነዳታለሁ። ወደ እኔ ስትመለስ ግን ግድግዳ ትገጫለች።

«ወዳንቺ ስትመጣ ግራና ቀኙ ይገላበጣል» አለኝ። «ከውጭ ቆመሽ አትንጂ። ውስጧ ተቀምጠሽ ወደራስሽ እየመጣሽ እንደሆነ አስቢ።»

«ወደራሴ መጥቼ ምን ልሠራ?»

«እኔ ለምን እንደምመጣ ይገባሽ ይሆናል።»

መኪናዋን እንደገና ወደ እኔ መለስኳት። እሱ ባዶ እግሩን አስፋልቱ ላይ ቆሞ ያያል። ጫማው ትዝ ያለው ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው።

ከስብርባሪ ዕቃ መኪና ሠራልኝ፤ እንደ ሻሼ ቢጫ ቀባት። ቁጥሯ ግን የራሱ ነበር፣ ሰባት።

«አሥራ ሁለት ቁጥሮች እያሉ ምነው ያንተን ሰጠኸኝ? አብረን መንዳት አንችልማ!»

«አዎ። አንዳችን ስንነዳ አንዳችን ቆመን እናያለን። እኔ ማየቱን ነው የፈለግኩት።»

ዓመት ሙሉ ያቺ መቆንጠጫ ከኮሌታው ወደ ሻሼ፣ ከሻሼ ወደ ኮሌታው ስትመላለስ ከረመች። «ካውያዬ» ይለኝ ነበር። ሌላ ሰው ቢለኝ ባንኮኒውን ዘልዬ አንቀው ነበር።

ብቻዋን ያሳደገችው እናት አለችው፤ የቢሮ ጸሐፊ ናት። በጽሕፈት መኪና ስትመታ ጣቶቿ አይታዩም ይባላል። ሳትመርቀው እንደማያገባ ነግሮኛል።

«እሑድ ትመጣለች፤ ታይሻለች። ብቻ…»

«ብቻ ምን?»

«ብቻ ለዚያች ቀን ለስለስ በይልኝ።»

«ካውያ ለስልሶ ያውቃል?»

እሑድ ቀሚሴን ሦስት ጊዜ ተኩሼ ሄድኩ። እናትየዋ ብቻዋን አልመጣችም። የመንደሩን ፋርማሲስት ልጅ፣ የተማረችውን፣ አስከትላለች። እናትየዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«የምትተኩሺው አንቺ ነሽ? ሸሚዞቹ ደህና ናቸው።»

በቃ፣ ይህችን ብቻ ነው ያለችኝ። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «እስቲ ይሄን ነገር ለእሷም አሳያት፣ ልጄ።»

እሱ ሰው ማሳፈር አይችልም። መቆንጠጫዋን ኮሌታው ላይ ሰክቶ ሪሞቱን ለልጅቷ ሰጣት። ከኋላዋ ቆመ። መኪናዋ ዞራ ስትመለስ ልጅቷ ጮኸች፤ እሱም በዚያች ቀስ ባለች ድምፁ፣ «ውስጧ ተቀምጠሽ ወደራስሽ እየመጣሽ እንደሆነ አስቢ» አላት።

የእኔን ቃል። አንድም ሳይቀንስ።

የእኔ ሪሞት ጭኔ ላይ ነበር። ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ያስተማረኝ ራሱ ነው። ከፈትኩት።

መኪናዋ አንዴ ተንቀጠቀጠችና ተወረወረች። እናትየዋ ከማቆሚያው ወደ መንገድ የሚወርደው ደረጃ ጫፍ ላይ ቆማለች። ቁርጭምጭሚቷን መታቻት፤ እግሯን ስታነሳ ሚዛኗን ሳተችና በቀኝ እጇ ወደቀች። አጥንቱ ቀጭ ሲል ሰማሁት።

«ማነው ያለ መቆንጠጫ የከፈተው?» ብለው ጓደኞቹ ጮኹ።

የሰባት ቁጥር ሪሞት ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው ልጅቷ እጅ ላይ ነበር። ሽቦ እናቱን እየደገፈ ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። እንድናገር ጠበቀኝ። አልተናገርኩም።

በአራተኛው ቀን ባንኮኒው ላይ መጥቶ ቆመ።

«የእጇ አንጓ ተሰብሯል። ከእንግዲህ እንደ ድሮው አትጽፍም ተባለ።»

ካውያዬን ገፋሁ።

«ሳላስበው ተነካብኝ በያት። ይበቃታል።»

«አስቤ ነው የነካሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ታስዋሸኛለህ?»

«እሺ፣ እውነቱን ንገሪያትና ይቅርታ ጠይቂያት።»

«እንደ ሸሚዝ ገልብጣ አየችኝ! እኔንስ ማን ይቅርታ ይለኛል?»

«እኔ» አለ። «እኔ እልሻለሁ። እሷ ላለችሽም፣ ያንቺን ቃል ለሌላ ሰው ስለሰጠሁም። ይቅርታ፣ ካውያዬ።»

አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረኝ። አፌ ውስጥ ነበረች፤ ክብደቷን እስካሁን አውቀዋለሁ። አንገትጌውን ገለበጥኩና ሌላውን ጎን መተኮስ ጀመርኩ።

እስክጨርስ ጠበቀ። ከዚያ መቆንጠጫዋን ከኮሌታው ነቅሎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጣት።

«ከእንግዲህ የምትጠብቂው ሰው የለም። በፈለግሽ ሰዓት ክፈቺ።»

የእናቱን እጅ ስታሽ የከረመችው የፋርማሲስቷ ልጅ ናት። በሁለተኛው ዓመት አገባት። የሠርጉን ሸሚዝ ወደ እኛ ቤት ላኩት። እኔ ተኮስኩት፤ አንዲት ጭምድድ አልተውኩበትም።

አምና፣ ካረጀሁ በኋላ፣ አንድ ሱቅ ገብቼ የሪሞት መኪና ገዛሁ።

«ለልጅ ልጅዎ ነው እማማ?» አለኝ ሻጩ።

«ለራሴ ነው። ጠቅልልና ዝም በል!»

የዛሬው ሪሞት የራሱን መኪና ብቻ ያውቃል አለኝ፤ መቶ ሰው አብሮ ቢከፍት አይጋጭም።

«መቆንጠጫስ?»

«የምን መቆንጠጫ?»

ኮሪደሬ ላይ እነዳታለሁ። ስትሄድ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ወደ እኔ ስትመለስ ዛሬም ግድግዳ ትገጫለች።

መቆንጠጫዋ የልብስ ገመዴ ላይ ናት፤ እንደማንኛዋም መቆንጠጫ ልብስ ትይዛለች። ሰባት ቁጥሯ ከታጠበ ቆየ። መንከሷን ግን አልተወችም።