ሳለኛው የቆመበት ማዞሪያ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በአምስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ከተራራው ሥር ያለችው ከተማ ጭቃ ለብሳና ደመና ተከናንባ ከሰው ተቆርጣ ነበር። ትልቁ ወንዝ ድልድዩን ይዞት ሄዷል፤ የቴሌግራፉ ሽቦ ከነምሰሶው ሜዳ ላይ ተጋድሟል፤ ሽቦው ሳይቆረጥ ከተራራው ማዶ ወዳለችው የአውራጃው ከተማ የደረሰው የመጨረሻ መልእክትም አጭር ነበር፤ ጎርፉ ኮሌራ አስከትሏል፤ መድኃኒት አልቋል፤ ከነርሶቹም አንዷ ታማ ተኝታለች።

የነርሷ ባል በዚያች ሰዓት በዚህችው በማዶዋ ከተማ፣ በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ግቢ፣ ከአንድ ትልቅ የጭነት መኪና ሆድ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ብሎን ያጠብቅ ነበር፤ ጸሐፊውም ወሬውን ሊነግረው ጎንበስ ቢል ከጫማው በቀር የሚነገረው ሰው አላገኘምና፣ ያን ከባድ ነገር ለጫማው ነገረው። ጫማው ለጥቂት ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ቆየ።

ይህ ሰው ሹፌር ነው፤ በስሙ የሚጠራው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ስለ ነበር እኛም እንደ ሰፈሩ ሰው ጭሱ እንበለው። መኪናውን ደግሞ ሳለኛው ይሉታል፤ ከጦርነቱ በኋላ ሠራዊቱ በሐራጅ ከሸጣቸው አንዱ ነው፤ መሪው በቀኝ፣ ምግቡ ናፍጣ፣ አራቱም ጎማዎቹ የሚጎትቱ፣ ጠዋት ጠዋት እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ ጥቁር ጭስ ካልተፋ ከቦታው የማይነቃነቅ። ሞተሩ ደህና ነበር፤ ባትሪው ግን ከጦርነቱ ጋር ጡረታ ወጥቷል። ስለዚህ የግቢው ሹፌሮች አንድ ደንብ ነበራቸው፤ ሞተር የሚጠፋው የመኪናው አፍንጫ ቁልቁል ሲያይ ብቻ ነው። በማግሥቱ ታኮውን ከጎማው ሥር መንቀል፣ መልቀቅ፣ ማርሽ አስገብቶ የረገጡትን ፍሪሲዮን መተው ነው፤ የቀረውን ቁልቁለቱ ይሠራዋል። አፍንጫውን ሽቅብ አዙሮ ሞተር ያጠፋ ሹፌር ለሌሎቹ የሳምንት መሳቂያ ሆኖ ይሰነብታል።

ክቡር የአውራጃው ገዥ ያን ዕለት ሹማምንቱን ሰብስበው፣ በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውሃ ከነጠርሙሱ በሳለኛው ተጭኖ በተራራው ላይ እንዲያልፍ አዘዙ። ትእዛዙ መልካም ነበር፤ ተራራው ላይ መንገድ ግን አልነበረም። የነበረው የጥንት የበቅሎ ነጋዴዎች መተላለፊያ ነው፤ እሱን ድንጋይ በድንጋይ የሚያውቁትም አንዲት ሴት ብቻ ቀርተዋል፤ እሳቸውም የጭሱን ፊት ማየት የማይወዱት የጭሱ አማት ናቸው።

ወይዘሮ ልጓም የሚል ስም ያወጡላቸው በቅሎዎቻቸውን ሲነዱ ያዩዋቸው ሰዎች ናቸው። ዕድሜያቸውን በዚያ ተራራ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ኖረው፣ ሳለኛውና መሰሎቹ መንገድ በወጡ በማግሥቱ ንግዱ ቆሞ የመጨረሻዋን በቅሏቸውን ሸጡ፤ በዚያው ዓመት አንዲት ልጃቸው ለሹፌር ተዳረች፤ ለሁለቱም ሐዘን በአንድ ጊዜ ተቀመጡ። አማቻቸውን ክፉ ተናግረውት አያውቁም፤ ሹፌሩ እያሉ በአንቱታ ከደጃፋቸው ያርቁት ነበር እንጂ። እሱም እማማ እያለ በሩቁ ይሰግዳል፤ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ላሉት ሁሉ እሺ ብሏል፤ እምቢ የሚልበትን አፍ አላገኘም።

ያን ዕለት ግን ዱላቸውን ይዘው፣ ጫማቸውን አጥብቀው አስረው ግቢው ድረስ መጡ። ከሹማምንቱ አንዱ በበቅሎ ቢጫን አይሻልም ወይ ቢላቸው፣ በቅሎ አራት ቀን ይፈጅበታል፤ ልጄ አራት ቀን የላትም ብለው ጋቢናው ውስጥ ገቡ። ክቡር ገዥው ለሽኝት ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው፤ ሳለኛው ሁለት ጊዜ አስሎ አቋረጣቸው፤ በሦስተኛው እሳቸውም እየሳቁ ተዉትና በካባቸው እጅጌ በገዛ እጃቸው የመኪናውን መስታወት ጠረጉ።

ከተራራው ሥር ሲደርሱ ወይዘሮ ልጓም ወርደው ፊት ፊት ይሄዱ ጀመር፤ ጭሱም የፊቱን ጎማዎች አስገጥሞ በከባዱ ማርሽ ተከተላቸው። እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሲስቡ ይመጣል፤ መዳፋቸውን ወደ መሬት ሲጫኑ ያዘግማል፤ ሁለቱን እጃቸውን ሲያነሱ ይቆማል። መተላለፊያው ለጭነት በቅሎ የተሠራ ነውና ሳለኛው ባለበት ቦታ ሁሉ ትርፍ የሚባል አልነበረም፤ በግራ ገደል፣ በቀኝ የተራራው ጎን። አንዱ ጎማ ዓለት ላይ ሲወጣ ሌላው አየር ላይ ይቀራል፤ ናፍጣው በበርሜሉ ውስጥ ይናጣል፤ ጠርሙሶቹ ገለባቸው ውስጥ ይንሾካሾካሉ፤ ከተራራው ጎን የወጣ አንድ ሾጣጣ ድንጋይም የቀኙን መስተዋት ከነክንዱ ነቅሎ ጣለው። ጭሱ ከመስተዋቱ ይልቅ አማቱን ይመለከት ነበር፤ እኚህ ሴት በቅሎዎቻቸውን ያጠፋውን ጠላት እንዲህ በጥንቃቄ ሲመሩት ማየት አስገርሞታል። አንድ አስቸጋሪ ቦታ ካለፉ በኋላ ዞር ብለው "ጎበዝ" አሉ፤ ለመኪናው ይሁን ለሱ አልታወቀም፤ ለሱ ነው ብሎ ያዘው።

መከራው ከዚህች "ጎበዝ" ከምትል ቃል መጣ። ወደ ጫፉ ሲቃረቡ፣ አንድ ጠባብ ማዞሪያ አልፈው በቀጥተኛው ዳገት ላይ ሳሉ፣ ራዲያተሩ እንፋሎት ይተፋ ጀመር። ወይዘሮ ልጓም ሁለት እጃቸውን አነሱ፤ ቀርበውም ኮፈኑን ዳሰስ አድርገው እጃቸውን በፍጥነት መለሱ።

"ደክሞታል። ያሳርፉት" አሉ።

ጭሱ የሚደረገውን ያውቃል፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ እየዞረ ነፋሱ ያበርደዋል እንጂ አይጠፋም፤ ያውም አፍንጫው ሽቅብ እያየ። ይህን ለማስረዳት አፉን ከፈተ። ግን ከጎበዝ በኋላ የመጀመሪያው ቃሉ "አይሆንም" ሊሆን ነው፤ እሳቸው ደግሞ የደከመ እንስሳ በሚያዩበት ዐይን መኪናውን አዝነው ያዩት ነበር። ይሉኝታ ያዘው፤ ለዚህ ሌላ ስም የለውም። እሺ፣ እማማ ብሎ አጠፋው።

ተራራው ዝም አለ። አማቱም ደስ ብሏቸው ከኋላው ጎማ ሥር ድንጋይ አስደገፉና ተቀመጡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይበቃዋል ሲሉ ጭሱ ሞተሩን የሚያስነሣውን ሞተሪኖ ነካው፤ ሳለኛው አንድ ጊዜ አቃሰተ፤ በሁለተኛው ግማሽ አቃሰተ፤ በሦስተኛው ምንም አላለም። ሹፌሩ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ማዶ ሚስቱ ተኝታለች፤ እዚህ ደግሞ ጠርሙሶቹ በገለባ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል።

"ሞተ?" አሉ ወይዘሮ ልጓም በመስኮቱ በኩል።

"አልሞተም እማማ። ተኝቶ ነው።"

"ታዲያ በምን ይነቃል?"

"በመንከባለል። ወደፊት ዳገት ነው፤ ቁልቁለት ያለው ወደ ኋላ ነው።" ከዚያ ቀስ ብሎ ጨመረበት፤ "ማጥፋት አልነበረብኝም።"

"ታዲያ ምነው አጠፉት?"

"እርስዎ ስላሉኝ።"

ወይዘሮ ልጓም ተመለከቱት። ምናልባት እስከ ዛሬ የሰሟቸውን እሺዎች ሁሉ በልባቸው ይከልሱ ነበር። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ማዞሪያው አዩ፤ ቀጥታው እዚያ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አየር ነው። ሹፌሩ ነገሩን አስረዳቸው፤ ከከባዱ ማርሽ ወደ ቀላሉ መልሶ በኋላ ማርሽ ይለቀዋል፤ ፍሪሲዮኑን ሲተወው ጎማው ሞተሩን ይጎትተዋል፤ ከማዞሪያው በፊት ካልነቃ ፍሬኑ መያዝ አለበት፤ መሬቱ እርጥብ ነውና ላይይዝም ይችላል። በቀኝ አንገቱን አውጥቶ ማየት ይችላል፤ በግራ ያለው መስተዋት ግን የጭነቱን ሣጥን፣ የካሮሴሪያውን ጎን እንጂ ገደሉ የት እንደሚጀምር አያሳይም።

እሳቸውም ዱላቸውን አነሱና ቁልቁል ወርደው ማዞሪያው ላይ፣ በገደሉ አፍ ቆሙ። ጭሱ በሩን ከፍቶ ዘሎ ወረደ፤ በትዳሩ ዘመን የመጀመሪያዋን እምቢታ ያሰማውም እዚያ ነው።

"አይ እማማ። እዚያ አይቆሙም።"

"ልጄ" አሉት፤ ይህም ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ "እኔ እዚህ ካልቆምኩ ገደሉን በምን ታየዋለህ?"

ጭሱ ጎማውን ያስደገፈውን ድንጋይ ገፍቶ ጋቢናው ውስጥ ገባ፤ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ። ሳለኛው በመጀመሪያ እያመነታ፣ ከዚያ ወዶ ተንከባለለ። በግራው መስተዋት ውስጥ ትንሽ የነበሩት ሴትዮ ማደግ ጀመሩ። ፍሪሲዮኑን ተወው፤ መኪናው ተንገጫገጨ፤ ጎማዎቹ ተንሸራተቱ፤ አንድ ሳል ብቻ ወጣ። እንደገና ረገጠው። አማቱ እጃቸውን ወደ ተራራው ጎን ነቀነቁ፤ መሪውን ያን ያህል ብቻ መለሰ። ወደ ኋላ አላሉም፤ ዐይናቸውንም አልጨፈኑም። እንደገና ተወው፤ ሳለኛው ሳለ፤ ደግሞ ሳለ፤ መስተዋቱ በጥቁር ጭስ ተሸፈነና ሴትዮዋ ጠፉበት።

የነቃ ሞተር በኋላ ማርሽ ላይ ሲሆን በገዛ ጉልበቱ ወደ ገደሉ ይሄዳልና፣ ጭሱ ፍሪሲዮኑንም ፍሬኑንም በሁለት እግሩ ቆሞ ረገጣቸው። መኪናው ቆመ። ጥቁሩ ጭስ እስኪገለጥ መጠበቅ ነበረበት፤ በሕይወቱ እንደዚያ ጭስ የጠላው ነገር የለም። ሲገለጥ ወይዘሮ ልጓም እዚያው ነበሩ፤ መዳፋቸው በካሮሴሪያው ጣውላ ላይ አርፏል፤ ፊታቸው ከጥቀርሻ ብዛት አይታወቅም።

"ነቃ?" አሉ።

"ነቃ፣ እማማ።"

"እንግዲህ እኔ ብልህም እንዳታስተኛው።"

ወይዘሮ ልጓም ጋቢናው ውስጥ ተመልሰው ገቡ። ጫፉን አልፈው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ጭሱ አንድ ነገር ሊላቸው ወደ እሳቸው ዞረ። እሳቸውም የበቅሎ አንገት እንደሚዳብሱ የጋቢናውን ብረት ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ ፊትህን እይ አሉት።

ጠርሙሶቹ ከሁለት በቀር ሳይሰበሩ ደረሱ። ነርሷ በሆስፒታሉ ኮሪደር፣ ስታስታምማቸው ከነበሩት ሰዎች ጋር ምንጣፍ ላይ ተኝታ ነበር፤ የጨው ውሃው በክንዷ ገባ፤ በማግሥቱ ዐይኗን ገለጠች፤ ባሏንና እናቷን በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን አየቻቸው።

"በምን መጣችሁ?" አለች፣ ድምፅ ሳይኖራት።

"እሱ አመጣኝ" አሉ እናቷ።

"እሳቸው አመጡኝ" አለ ባሏ።

"ሳትጣሉ?" አለችና ተመልሳ ተኛች፤ ይህ እንቅልፍ ግን የጤና ነበር። ወይዘሮ ልጓም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ፤ ጭሱም አብሯቸው አለቀሰ፤ ከዚያ ኮሪደር ከዚያ ቀን ጀምሮ ተነሥቶ የሄደ ሰው ብዙ ነው።

ውሃው ጎድሎ ድልድዩ ሲጠገን ክቡር ገዥው መጡና የሹፌሩን እጅ ጨብጠው ከልባቸው አመሰገኑት፤ እሱም ያሻገሩት አማቴ ናቸው አላቸው፤ ትሕትና መሰላቸውና ይበልጥ አከበሩት። በከተማዋ መግቢያ ድንጋይ ቆመ፤ ድንጋዩም በክቡርነታቸው ዘመን አንድ የጭነት መኪና ያለ አንዳች መቆም ተራራውን ተሻግሮ ሕዝብ እንዳዳነ ይናገራል። ያለ አንዳች መቆም የምትለውን ጭሱ ባነበባት ቁጥር ፈገግ ይል ነበር፤ ወደ ኋላ ስለ መሄድ ግን የሚጽፍ ድንጋይ ጠራቢ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ጭሱ በአማቱ ደጃፍ መኪና ባቆመ ቁጥር፣ ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮቱ አንገቱን ያወጣ ነበር፤ "እማማ፣ ይረፍ?" ይላል፤ እሳቸውም ወጥተው አፍንጫው በየት በኩል እንደሚያይ አጣርተው "ይረፍ፤ ደክሞታል" ይላሉ። እሳቸው ከሞቱ በኋላም ከዚያ ደጃፍ ሲደርስ ሞተሩን ቶሎ አያጠፋም፤ ጥቂት ይጠብቃል።

በተራራው ላይ ዛሬ ሰፊ መንገድ ወጥቷል። ያችን ጠባብ ማዞሪያ ሹፌሮች የአማት ማዞሪያ ይሏታል፤ ለምን ሲባሉም ክፉ ስለሆነች ነው ብለው ይስቃሉ። ጭሱ በስተርጅናው ይህን ጨዋታ በየጋራዡ ይሰማ ነበር። ታሪኩን አንድ ቀን እንኳ አልነገራቸውም፤ "ደግ ማዞሪያ ናት" ይልና ሻዩን ይጠጣል።