የእቴቴ ሐመልማል ጆሮ

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ይህ ታሪክ ያሳዝናል፤ እቅፍ ውስጥ ሆኖ መስማት ይሻላል።

ፌቨን የምትኖረው ከአክስቷ ከእቴቴ ሐመልማል ጋር ነው። ፌቨን ከእቴቴ ሌላ ማንም የላትም።

የሁለቱም ቆዳ ነጭ ነው፤ ፀጉራቸውም ነጭ ነው። ሲወለዱም እንዲሁ ነበሩ።

ፀሐይ እንዲህ ያለ ቆዳ ስታገኝ አትምርም። ቶሎ ታቃጥለዋለች!

እቴቴ ገበያ መሐል ቲማቲም ትሸጣለች። ጥላ የላትም፤ ባርኔጣም የላትም። ፀሐይዋ ጆሮዋን ቸስ! ቸስ! ታደርገዋለች።

አንድ ቀን ጆሮዋ ላይ ቁስል ወጣ። ምስር ያክላል።

«ምን አላት ይቺ! ቅቤ ቀቢያት» አሉ ጎረቤታቸው እማማ ብርቄ።

እቴቴ ቁስሉን በቅቤ ቀባ! ቀባ! አደረገችው። ከዚያ ተመልሳ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች።

«እቴቴ፣ ዳነ?» አለች ፌቨን።

«አልዳነም፣ የኔ ሆድ።»

ቁስሉ አደገ። አሁን ሽንብራ ያክላል።

«ቅቤው አንሶት ነው፤ ጨምሪበት» አሉ እማማ ብርቄ። እቴቴም ቀባ! ቀባ!

«እቴቴ፣ ዳነ?»

«አልዳነም፣ የኔ ሆድ።»

ቁስሉ ባቄላ አከለ። ትራሷ ላይ ደም ታየ። እቴቴ ሰው እንዳያይባት ጆሮዋን በሻሽ ሸፈነችው።

ፌቨን ፈራች። ምሳዋን ትታ አልጋ ሥር ገባች፤ እዚያም አለቀሰች።

ከዚያ ወጣችና የእቴቴን ቀሚስ ያዘች። «ጤና ጣቢያ እንሂድ! እንሂድ! እንሂድ!»

ሄዱ። በሩን ኳ! ኳ! አደረጉት።

ነርሷ ሻሹን ቀስ ብላ ፈታችው። ቁስሉንም ጠጋ ብላ አየችው።

«ምነው እህቴ፣ ገና ምስር ሲያክል ብትመጪ ኖሮ!» አለች።

እቴቴን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከቻት። እዚያ ያሉት ሐኪሞች መርምረው፣ «ይህ ካንሰር የሚባል በሽታ ነው፤ ፀሐይ ያመጣችው ነው» አሉ። ወደ ሌላው ሰውነቷ እንዳይሄድ ጆሮዋን ቆረጡት።

እቴቴ ራሷን በፋሻ ተጠቅልላ ወጣች። ፌቨን ቀና ብላ አየቻት።

«ጆሮሽ ተመልሶ ይበቅላል?»

«አይበቅልም፣ የኔ ሆድ።»

ፌቨን መንገዱን ሁሉ አለቀሰች። ዝም በዪ ያላት የለም፤ እቴቴም ታለቅስ ነበር።

ነርሷ ልታያቸው ቤታቸው መጣች። ሰፊ ባርኔጣና የፀሐይ ክሬም ይዛላቸው ነበር።

«ቅቤ ፀሐይን አይከለክልም» አለች። «ጥላ ሥር ተቀመጡ። እጅጌው ረጅም ልብስ ልበሱ። የማይድን ቁስል ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ኑ!»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አሉ ይህን የሰሙት እማማ ብርቄ፤ አንገታቸውን ደፉ።

አሁን እቴቴ ትልቅ ጃንጥላ ሥር ሆና ትሸጣለች። ባርኔጣው ጆሮ በሌለበት በኩል ይንሸራተታል። ፌቨን ታቃናዋለች። ይንሸራተታል። ደግሞ ታቃናዋለች።

ሲመሽ እቴቴ ፌቨንን ታጥባታለች። አፍንጫዋን ታያለች፤ አንገቷን ታያለች፤ ጆሮዎቿን አገላብጣ ታያለች።

«እቴቴ፣ ምን አገኘሽ?»

«ምንም» አለች እቴቴ። «ምንም የለም፣ ተመስገን!» ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ።

ፌቨን እንባዋን በመዳፏ ጠረገችላት። ከዚያ ሁለቱም አንድ ጋቢ ለብሰው ተኙ።